ጫማውን ብቻ

ከእሪ በከንቱ በላይ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጓሮ፣
አንዲት ክፍል ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣
መስኮቷ ጋዜጣ።
ንጋቱ ዋቅጅራ ከዚያ ነው የሚወጣ፤
ጣቱ ሁሌ ጥቁር፣ ኪሱ ሁሌ ቀዳዳ፣
እርሳስ የሚልጥ ሰው እንደ ሸንኮራ አገዳ።

እኔ ተላላኪው፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣
ሥዕሉን ሸሽጌ ከሹራቤ ከደረቴ፣
ድልድዩን አቋርጬ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ
እሮጥ ነበር ማታ፣ ዶፍ በላዬ ጥሎ።
ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከዘይቱ ሽታ ሥር፣
ፊደል ለቃሚው ጋሽ ቸኮል፣ ሰው የማያናግር፣
ሥዕሉን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ ያይና
ትከሻው ብቻ ይስቃል፤ አፉ ፈሪ ነውና።

የሹሙን ስም ዛሬም እኔ አላነሣም፤
ያኔም ስሙን መጥራት ለጤና አይስማማም።
የቧንቧውን ገንዘብ ሲውጥ ሳያላምጥ፣
ሴቱ እንስራ ይዞ ሌሊት ሲቀመጥ፣
ንጋቱ ፊት አልሣለም፤ ቦርጭም አልጨመረ፤
አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ወረቀቱ ላይ አኖረ፤
ነጭና ቡናማ፣ አፍንጫው የሾለ፣
ከቧንቧው አንገት ላይ ተረከዙን የተከለ።

ሳንሱሩ አገላብጦ፣ ቀይ እርሳሱን ይዞ፣
«ሰው እኮ የለበትም» አለና አሳለፈው ፈዝዞ።

በማግሥቱ ማለዳ ጊዮርጊስ አጥር ሥር
አንድ ሊስትሮ ነበረ፣ ፊደል የማይቆጥር፤
ጋዜጣውን ለመቀመጫ ሊያጥፍ ሲል አየና
ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።
«ይቺን ጫማ እኔ ነኝ የምጠርጋት! ከፍሎኝም አያውቅ!»
ሳቁ ከዚያ ተነሥቶ ሰባ ደረጃን ወረደ፤
ዶሮ ማነቂያ ገብቶ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ሄደ፤
ልጆች በየደጁ ያባት ጫማ እያጠለቁ
ባልዲ ላይ ወጡ፣ እየተንጠባረሩ፣ እየሳቁ።

ሹሙ ጫማውን ጥቁር አስቀባ።
ንጋቱ በሳምንቱ ጥቁር ጫማ ሣለ፤
ከቅባቱ ሥር ግን ነጩ ፈገግ ያለ።

አልታሰረም። አልተመታም። ተሾመ።

ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ከሥሩም ፊርማ፤
የጉምሩክ ኃላፊ፣ በቆላ፣ በወባ ከተማ፣
ከወንዝ ዳር፣ ከጠረፍ፣ ጀልባ በወር አንዴ የሚያየው።
አከራዩ እትዬ በላይነሽ እልል አሉ፣ ደመወዙን ሰምተው።
እሱ እርሳሶቹን ቆጠረ። አራት።
አንዷን ለእኔ ሰጠኝ። «ምላጭ አይለያት።»

በሰባተኛው ወር መርዶው መጣ፣ በሰው አፍ።
ደብዳቤው ደረሰኝ፣ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ።
ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቀደድሁት፤
ቃል የለም። «ደህና ሁን» የለም። አንዲት ቢምቢ ነው ያየሁት፤
ስድስት እግር አላት፤ ለስድስቱም ጫማ፣
ነጭና ቡናማ።

ሳቅሁ፣ ሰው እያየኝ።
ልቅሶው የመጣው ማታ ነው፣ ድልድዩ ላይ፣
ምንም ነገር ከደረቴ ሳልደብቅ ስሻገር።

ሠዓሊ አልሆንሁም፤ ልንገራችሁ እውነቱን፤
የምስማር ሱቅ ሒሳብ፣ የኪሎ፣ የሜትሩን፣
ስጽፍ ነው የኖርሁት። ያቺ ክፍልም ፈረሰች፤
ሣር ለብሳ፣ መብራት ተክላ፣ የማንም ሳትሆን ቀረች።
ባለሥልጣን ሊያልፍ ሲል ግን፣ መንገዱ ሲዘጋ፣
ሰው ሁሉ ፊት ለማየት ሲንጠራራ ሲንጋጋ፣
እኔ ጎንበስ እላለሁ፣ ጫማውን ፍለጋ።

እርሳሷ አልቃ አልቃ የትንሽ ጣት ጥፍር አክላለች፤
ምላጩን ሳስጠጋት አሁንም ትሾላለች።